ለመዓዛ ከሆነ ይሁን፤ ለፈውስ ከሆነ ግን ቆም እንበል

ሚያዝያ ሲገባ በዚህ አገር ዛፉ ሁሉ ያብባል፤ እኛም ማስነጠስ እንጀምራለን። መኪናው ላይ ቢጫ ብናኝ ይነሰነሳል፣ ዓይን ያሳክካል፣ አፍንጫ ይዘጋል። በዚያው ሰሞን ጾም ይፈታል፣ ፋሲካ ይመጣል፣ ብርዱን ሙሉ ታፍኖ የከረመው አፓርታማ ይጸዳል። ቤቱም ጥሩ ጥሩ እንዲሸት ይፈለጋል። ያቺ ጭጋግ የምትተፋ ትንሽ ዕቃ፣ ዲፊውዘር የምንላት፣ በየክፍሉ ጥግ ሥራ የምትጀምረው ያኔ ነው። ከጎኗ የላቬንደር፣ የፔፐርሚንት፣ የባሕር ዛፍ፣ የሎሚ፣ አሁን አሁን ደግሞ የእጣን ዘይት በትንንሽ ጥቁር ብልቃጥ ይደረደራል።

እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ መዓዛም እወዳለሁ። ያደግሁት ቡና ያለ እጣን ቡና በማይመስልበት ቤት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ዘይት የሚጠቀመውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። የምለው ነገር አንድ ነው፦ የመዓዛ ዘይት ቤትን ለማወድ ከሆነ ደስ የሚል ነገር ነው። አብሮን የሚተነፍስ ሰው ካለ ግን የግል ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ለአለርጂና ለአስም ፈውስ ነው ተብሎ ሲነገር ደግሞ አደጋ ይሆናል፤ በተለይ በጸደይ።

ወደ ዲፊውዘር የገባንበት ምክንያት ግልጽ ነው። አብዛኞቹ የኮሌጅ ማደሪያዎች ሻማም፣ እጣንም፣ ከሰልም ይከለክላሉ። የጢስ ደወሉ ከጮኸ ሕንፃው በሙሉ በሌሊት ልብሱ ደጅ ይወጣል። እሳት የሌላት ዕቃ ስትገኝ ሁላችንም ተገላገልን አልን። እውነትም ከጢስ ትሻላለች፤ የሚጨስ እጣን ከሚያወጣው ጥቃቅን ብናኝና ካርቦን ሞኖክሳይድ ታሳርፈናለች። ነገር ግን ጢስ የለም ማለት አየሩ ውስጥ የገባ ነገር የለም ማለት አይደለም። ዘይቱ የሚሸተን ራሱ ዘይቱ ተንኖ አፍንጫችን ስለሚደርስ ነው። አፍንጫ የደረሰ ደግሞ ሳንባም ይደርሳል።

ኢሴንሻል ኦይል የሚባለው ከቅጠል፣ ከአበባ፣ ከልጣጭ ወይም ከሙጫ ውስጥ በቀላሉ የሚተንነው ክፍል ብቻ በእንፋሎት ተለይቶ ወይም ተጨምቆ የወጣ ነው። ብዙ ቅጠል ተጠራቅሞ ጥቂት ጠብታ ይሆናል። እናቶቻችን ጉንፋን ሲይዘን በባሕር ዛፍ ቅጠል ያጥኑን ነበር፤ ለምች ዳማ ከሴ ይጨምቁልን ነበር፤ ቡናው ላይ ጤና አዳም ጣል ያደርጉ ነበር። እፍኝ ቅጠልና አንድ ብልቃጥ ዘይት ግን አንድ አይደሉም። ጠላና አረቄን በአንድ ብርጭቆ ለክቶ እኩል ነው እንደማለት ነው።

በጸደይ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። የፖለን አለርጂ ላለበት ሰው ከሚሰጡት ምክሮች የመጀመሪያው "ብናኝ በበዛበት ቀን መስኮት ዝጋ" የሚል ነው። ዲፊውዘር ለሚያበራ ሰው የሚሰጠው ምክር ደግሞ "መስኮት ክፈት" ይላል። ሁለቱን በአንድ ጠባብ ክፍል ማስታረቅ አይቻልም። አገር ቤት ቡና ሲፈላ በሩ ክፍት ነው፤ ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል፤ ጢሱም አብሮ ይወጣል። እዚህ አራት ሰው በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ አየር ደጋግሞ ይተነፍሳል። በዚያ ላይ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ውስጥ ያለው ሊሞኒን ከደጅ ከሚገባው ኦዞን ጋር ሲገናኝ ፎርማልዴሃይድና በዓይን የማይታይ ብናኝ ይፈጥራል። የከተማ ኦዞን ደግሞ ፀሐዩ እየበረታ ሲሄድ ይጨምራል። ፖለን አስቀድሞ ላቆሰለው የመተንፈሻ አካል ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። ባለፈው ሚያዝያ አብራን የምትኖር አስም ያለባት ልጅ በሌሊት ደረቷ ተጨንቆ፣ ኢንሄለሩን ደጋግማ ብትስብም አልለቅ ብሏት፣ በአምቡላንስ ተወሰደች። ሳሎን ውስጥ የሌላዋ ጓደኛችን ዲፊውዘር ፔፐርሚንትና ባሕር ዛፍ እየተፋ ነበር። ዘይቱ ብቻውን አመጣው ማለት አልችልም፤ ወቅቱ የፖለን ነበር፣ ጉንፋንም ጀማምሯት ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ግን እስኪዘጋ ድረስ ላይብረሪ ታመሽ ነበር። ምክንያቱን የነገረችን ከሆስፒታል ከተመለሰች በኋላ ነው። "ሁላችሁም ስትወዱት እኔ ብቻ አልተስማማኝም ማለት ከበደኝ" አለች።

ከዘይቱ ኬሚስትሪ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። ይሉኝታ የምንለው ነገር እዚህም ተከትሎን መጥቷል። በእኛ ዘንድ እጣን አልወድም ማለት ቡናውን፣ በዓሉን፣ አንዳንዴም ቤተ ክርስቲያኑን አልወድም እንደማለት ይቆጠራል። ስለዚህ የሚታመመው ሰው ዝም ይላል፤ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ "ራሴን አሞኛል" ብሎ ይቀራል። የታመመው ሰው እስኪናገር መጠበቅ ትክክል አይመስለኝም። ጥያቄው መምጣት ያለበት ዕቃውን ከሚያበራው ሰው ነው። "ይስማማሻል ወይ?" ብሎ መጠየቅ የሚያስከፍለው ነገር የለም።

"ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም" የሚለውም አባባል መታረም አለበት። ባሕር ዛፍን እንውሰድ። ከአውስትራሊያ ተነስቶ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ወደ አገራችን የገባ ዛፍ ነው፤ ስሙም ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ይናገራል። ዘይቱን ትንሽ ልጅ ቢጠጣው፣ መጠኑ ጥቂት ቢሆን እንኳ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣበት ይችላል። ሜንቶል ያለበት ዘይት ጨቅላ ሕፃን አፍንጫ አጠገብ መቀባት ትንፋሹን ሊያውክ ይችላል። የቲ ትሪ ዘይት ድመትን ይመርዛል። ቤርጋሞት ወይም የላይም ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፤ ይህ ደግሞ እጅጌያችንን በምናሳጥርበት ወቅት ነው።

ከባድ ነገርም ደርሷል። በ2021 በዋልማርት ሲሸጥ የነበረ፣ "አሮማቴራፒ" የሚል ጽሑፍ ያለበት የላቬንደርና የካሞማይል የክፍል ስፕሬይ ውስጥ ሜሊዮይዶሲስ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ተገኘ። በአራት የተለያዩ የአሜሪካ ስቴቶች የሚኖሩ አራት ሰዎች ታመሙ፤ ሁለቱ ሞቱ፤ ከሟቾቹ አንዱ ልጅ ነበር። ወደ 3,900 የሚጠጋ ጠርሙስ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። እንዲህ ያለው በየቀኑ የሚደርስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ጠርሙሱ ላይ የአበባ ሥዕል ስላለ ብቻ ውስጡ ንጹሕ ነው ማለት እንደማይቻል ያሳያል።

አሁን ወደ ፈውሱ ወሬ ልምጣ። በየማኅበሩ፣ በየልደቱና በየክርስትናው ዘይት የምትሸጥ አንዲት የምናከብራት እናት አታጡም። ሴትዮዋ አታላይ አይደለችም። የመጀመሪያውን ሳጥን በራሷ ገንዘብ ገዝታለች፤ የምትነግረንም እሷን ያስገባቻት ሰው የነገረቻትን ነው። ነገር ግን "ለሳይነስ፣ ለአለርጂ፣ ለአስም፣ ለስኳር" እያለች ስትዘረዝር በአክብሮት ዝም የሚላት ሰው ብዙ ነው። አንድ ጊዜ እኔው በተቀመጥኩበት ለአንዲት ትልቅ ሴት "ያንን የምትስቢውን ነገር ተይውና ይህን ሞክሪ" ስትል ሰምቻለሁ። ያንን ምክር የሚከተል አስም ያለበት ሰው ሊሞት ይችላል።

ሕጉ በዚህ ላይ የሚለው ነገር አለ። በአሜሪካ አንድ ዘይት ሰውነትን ለማስዋብ ወይም ለሽቶነት ብቻ ከተሸጠ እንደ ኮስሞቲክስ ይታያል፤ ገበያ ከመውጣቱ በፊት መንግሥት አይመረምረውም። በሽታ ያድናል ከተባለ ግን መድኃኒት ሆኖ ይቆጠራል፤ መፈወሱም መረጋገጥ አለበት። በ2014 ኢቦላ በምዕራብ አፍሪካ ሲዛመት የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በዘርፉ ታዋቂ ለሆኑት ለያንግ ሊቪንግና ለዶቴራ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል፤ ሻጮቻቸው ዘይቱ ኢቦላን ጭምር እንደሚከላከል ይናገሩ ስለነበር ነው።

የእጣን ዘይት ደግሞ ለእኛ ለየት ያለ ማባበያ አለው፤ "የአገርህ ነው፣ ከጥንት ጀምሮ መድኃኒት ነው" ይሉናል። በእጣን ሙጫ ውስጥ ተመራማሪዎች ለእብጠትና ለመቆጣት ይጠቅሙ እንደሆነ የሚያጠኗቸው ቦስዌሊክ አሲድ የሚባሉ ነገሮች በእርግጥ አሉ። ነገር ግን ከባድ ስለሆኑ በእንፋሎት አይወጡም፤ ስለዚህ ተጣርቶ የወጣው ዘይት ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። በሙጫው ስም ዘይቱን መሸጥ በስጋው ስም መረቁን እንደመሸጥ ነው። ስለ አገር ከተነሳ ደግሞ የዛፉ ነገር ይቅደም። በትግራይ፣ በመተማና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚገኘው የእጣን ዛፍ ከመጠን በላይ እየተቆሰለ፣ ችግኙ በከብትና በእሳት እያለቀ ነው። በ2019 የወጣ ጥናት በዚሁ ከቀጠለ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል።

"ታዲያ ምንም አይጠቅምም ልትይ ነው?" የሚለኝ ይኖራል። አልልም። መዓዛ ትዝታን ይቀሰቅሳል፤ ከፈተና በኋላ ትከሻን ያወርዳል። ላቬንደር ጭንቀትን ቀለል እንደሚያደርግና እንቅልፍ እንደሚረዳ የሚጠቁሙ ጥናቶችም አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ትንንሾች ናቸው። የፔፐርሚንት ሽታ አፍንጫ የተከፈተ ያስመስላል፤ ቀዝቃዛ ስሜት ይሰጣል እንጂ እብጠቱን አይቀንስም። የተዘጋው ያው እንደተዘጋ ነው። የፖለን አለርጂን የሚያስታግሱት ፋርማሲ ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡት ናቸው፦ እንደ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ያሉት ክኒኖች፣ እንደ ፍሉቲካዞን ያለው የአፍንጫ ስፕሬይ፣ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በዲስቲልድ ውሃ በተዘጋጀ ጨው አፍንጫን ማጠብ። አስም ያለበት ሰው ደግሞ የታዘዘለትን ኢንሄለር ለማንም ብሎ አይተውም።

ለሚጠቀም ሰው የማደርገው ምክር አጭር ነው። ዲፊውዘሩን ሌሊቱን ሙሉ አታብሩት፤ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ብናኙ ሲረግብ መስኮት ከፍታችሁ አብሩት። ውሃውን በየጊዜው ድፉት፣ ዕቃውንም እጠቡት። ዘይቱን አትጠጡት፤ ሳትበርዙት ቆዳ ላይ አትቀቡት። ልጅ ባለበት ቤት ቆልፉበት። ልጅ ከጠጣ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ በአሜሪካ ያላችሁ በማንኛውም ሰዓት በነጻ ወደ መርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል 1-800-222-1222 ደውሉ። ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን 911 ነው።

ለማኅበራችን ደግሞ ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ በፋሲካው ዝግጅትና በየወሩ የቡና ምሽት እጣንም ሆነ ዲፊውዘር የሚኖር ከሆነ በጥሪው ላይ ይጻፍ። ቡናው መስኮት አጠገብ ይፈላ፤ ከዚያ ርቆ የሚቀመጥበት ቦታም ይዘጋጅ። ሁለተኛ፣ በዝግጅቶቻችን ላይ ጠረጴዛ ተከራይቶ ዘይት የሚሸጥ ሰው "ያድናል" የሚል ወረቀት እንዳይለጥፍ፣ በቃልም እንዳይናገር ደንብ ይውጣ። ሽቶ ነው ብሎ ይሽጥ፤ እኔም እገዛዋለሁ። ከእናቶቻችን ፊት ቆሞ መድኃኒታቸውን የሚያስጥላቸውን ሰው ግን በማኅበሩ ስም ቦታ ልንሰጠው አይገባም። ሁለቱም ጥያቄዎች ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት ብቻ ይበቃል።