ፎርማት ላድርግ ሲላችሁ እሺ እንዳትሉት

ባለፈው የገና ጾም መግቢያ ላይ አጎቴ ከወገዳ መጣ። ወገዳን ለማታውቁ (ለምታውቁማ ዘመድ ነን) የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ የጋይንትና የእስቴ ጎረቤት። ጋሼ መምህር ነው። እንደ ደንቡ ሽሮውንና በርበሬውን ካስረከበ በኋላ ከሻንጣው ሥር በፌስታል ሦስት ጊዜ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው።

«የእምዬ ድምፅ ያለው እዚህ ላይ ነው» አለ። «ስልኬ ሞልቶ ሲያስቸግረኝ ሁሉንም ወደዚህ ገለበጥኩና ከስልኩ አጠፋሁት።»

እምዬ አያቴ ናት፤ በ2014 ዓ.ም. አረፈች። ጋሼ በመጨረሻዎቹ ዓመታት አጠገቧ እየተቀመጠ በስልኩ ቀድቷታል። የ77ቱን ክፉ ቀን ስታወራ፣ ሙሾ ስታወርድ፣ የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ስትቆጥር። ሌላ ቦታ የለም፤ እዚያች ዲስክ ላይ ብቻ።

እኔ ደግሞ የቤቱ «አይቲ» ነኝ (የሹመቱ መሠረት አንድ ጊዜ ፕሪንተር ማስነሳቴ ነው)። ስለዚህ ዲስኩን ከራውተሩ ጀርባ ባለችው የዩኤስቢ ቀዳዳ ሰካሁት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ዲስኩ ራውተሩ ላይ ከተሰካ ዋይፋዩን የሚጠቀም ሁሉ በየስልኩና በየቴሌቪዥኑ ይከፍተዋል። የመጀመሪያው ምሽት ሰርግ ነበር ማለት ይቻላል። እናቴ ሳሎን በቲቪው፣ እህቴ መኝታ ቤት በስልኳ፣ ሁሉም እምዬን እየሰማ።

በሦስተኛው ቀን መብራት ሄዶ መጣ፣ መጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ከሁሉም ስክሪን ላይ ጠፋ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ነቅዬ ላፕቶፔ ላይ ብሰካው ዊንዶውስ በትሕትና «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብህ፤ ላድርገው?» አለኝ። ወደ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያይ «ፎርማት አድርገን እንመልስልሃለን፣ ነገ ና» አለኝ። ተቀብዬው ወጣሁ።

እናንተዬ፣ ይሄ «ፎርማት» የሚሉት ነገር እኛ ሀገር የአሞክሲሲሊን ዕጣ ደርሶታል። ራስ ምታትም ቢሆን፣ ጨጓራም ቢሆን እሱው ነው። ፎርማት ማድረግ ዲስኩን ያድን ይሆናል፤ እኛ የፈለግነው ግን ዲስኩን ነው ወይስ ውስጡ ያለውን? ዲስክማ ሱቅ አለ። እኔ የምለው፣ ራውተር ላይ የተሰካ ዲስክ ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ዲስኩ ውስጥ አይደለም። ከውጭ ነው የሚጀምረው፤ ከውጭም መታከም አለበት።

ከመብራቱ እንነሳ። የራሷ የኤሌክትሪክ ገመድ የሌላት ትንሿ ዲስክ ጉልበቷን የምታገኘው በዚያችው በዩኤስቢ ገመድ ነው። አሮጌው ዩኤስቢ 2 በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ነው። ዲስኳ ተነስታ መሽከርከር ስትጀምር ግን አንዳንዷ እስከ 1000 ትጠይቃለች። ላፕቶፕ ይችላታል፤ ራውተር ግን ራሱ ከግድግዳው በአዳፕተር የሚለምን ድሃ ነው። ጉልበት ሲያንሳት ዲስኳ ለመነሳት ትሞክራለች፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ትሞክራለች። ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። (ዲስኩ ራሱ ሲሞትም ተመሳሳይ ድምፅ ስለሚያወጣ ጠቅ እያለ ሰዓት ሙሉ አትተዉት፤ ንቀሉት።)

የኔን ጉድ ልናገር። ካቻምና የራውተሩ አዳፕተር ሲቃጠል ሌላ ገዝቼ ተክቼ ነበር። «ቀዳዳው ከገባ ይሠራል» ብዬ። አሁን ጽሑፉን ሳነበው የድሮው 12 ቮልት 2 አምፒር ነበር፤ አዲሱ 12 ቮልት 1 አምፒር። 24 ዋት የነበረውን ቤት በ12 ዋት ነው የማስተዳድረው! ዋይፋዩ ያለ ችግር ይሠራል፤ ዲስክ ሲጨመርበት ግን ያቃስታል። ስለዚህ ሶፍትዌር ከመነካካታችሁ በፊት የአዳፕተራችሁን ጽሑፍ አንብቡ። ቮልቱ እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። ካልሆነ ደግሞ የራሱ አዳፕተር ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ በመሃል ግቡበት። ገመዱንም ቀይሩ፤ ረጅምና ቀጭን ገመድ ራሱ በሽታ ነው።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ዲስክ የሚጻፍበት ስልት አለው፤ ፋት32፣ ኤንቲኤፍኤስ፣ ኤክስፋት የሚባሉት። ዛሬ ከሱቅ የሚገዙ ብዙ ዲስኮች ኤክስፋት ሆነው ይመጣሉ፣ ብዙ ራውተሮች ደግሞ ኤክስፋት ማንበብ አይችሉም። ዲስኩ ላፕቶፕ ላይ እየሠራ ራውተር ላይ ከጠፋ መጀመሪያ ይሄን ጠርጥሩ። ፋት32ን ሁሉም ያነባል፤ ነገር ግን 4 ጊጋባይት የሚያህል አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የሰርግ ቪዲዮ «ቦታ የለም» እያለ የሚመለሰው ባዶ ዲስክ ላይ በዚህ ምክንያት ነው። ኤንቲኤፍኤስ ደግሞ መብራት በድንገት ሲሄድበት «በሥርዓት አልተዘጋሁም» የሚል ምልክት ይዞ ይቀራል። አንዳንድ ራውተር ያንን ምልክት ሲያይ ዲስኩን ጨርሶ አይቀበለውም ወይም «ማንበብ እንጂ መጻፍ የለም» ይላል። መድኃኒቱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ቼክዲስክን ማስኬድ ነው፤ ግን መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ገልብጡ፣ ቼክዲስክ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ሦስተኛው ትንሽ ያስቃል፤ ሁሉም ደኅና ሆኖ ኮምፒውተራችሁ ራሱ ሲያኮርፍ። የቆዩ ራውተሮች ፋይል የሚያካፍሉት ኤስኤምቢ 1 በሚባል የ1980ዎቹ ስልት ነው። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያመሰው በዚሁ በር ገብቶ ስለነበር፣ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ካወጣው ዊንዶውስ 10 ጀምሮ አዲስ ሲጫን በሩን ዘግቶት ይመጣል። ስለዚህ ስልኩ ያየውን ዲስክ አዲሱ ላፕቶፕ «የለም» ይላችኋል። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምክር ሁሉ «በሩን መልሳችሁ ክፈቱት» ነው። እኔ አልመክርም። የራውተሩን ሶፍትዌር አድሱ፤ ካልተሳካ ለፊልምና ለድምፅ በቲቪው በኩል መስማት ይበቃል።

በር ካነሳን አይቀር አንድ ነገር። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ዲስኩን «ከውጭም ክፈተው» የሚል ምርጫ ካለ አጥፉት። እ.ኤ.አ. በ2014 የኤሱስ ራውተሮች ላይ በተገኘ ቀዳዳ ሰርጎ ገቦች ከ12,900 በላይ ሰዎች ዲስክ ውስጥ ገብተዋል፤ ኩባንያውም በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ተከስሶ በ2016 ስምምነት ላይ ደርሷል። የእናታችሁ ፎቶ ለዓለም ሁሉ ክፍት መሆኑን በጋዜጣ እንዳትሰሙ።

«ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ክላውድ ላይ አትጭነውም?» የምትሉኝ አላችሁ። መልካም። ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲጠፋ ክላውዳችሁ የት ነበር? ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋስ? ወገዳ ያለ ሰው ክላውድ ሲባል የሚያስበው ዝናብ ቢሆን አልፈርድበትም። ራውተር ግን ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይሞትም። መብራት እስካለው ድረስ ዋይፋዩ አለ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ እርስ በርሱ ይገናኛል፣ ዲስኩም ይከፈታል። አንድ አሮጌ ራውተርና አንድ ዲስክ ለአንድ ግቢ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሆናል። ጋሼ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይሄን እንዲያደርግ ለምኜዋለሁ። እኔ በጣም የማምንበት ነገር ነው፤ ለዚህም ነው ሲበላሽ «ቻይና ነው ተወው» ሲባል የምናደደው።

ቤተ መጻሕፍት ግን ግልባጭ ይፈልጋል። የኛ አካባቢ ሰው ይሄን ሊስተው አይገባም ነበር። ከእኛ ማዶ ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት። የድጓ ተማሪ ዜማውን በቃሉ ይዞ፣ መጽሐፉንም በእጁ ገልብጦ ነው ወደ ሀገሩ የሚመለሰው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ቢቃጠል ሌላው ጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራም እንዲሁ ነበር፤ ፊልሙ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሚኒሶታ። እኛ ደግሞ ሙሉ ዘራችንን ፌስታል ውስጥ አንድ ዲስክ ላይ ጠቅልለን በአውቶቡስ እንልካለን። ራውተር ላይ የተሰካ ዲስክም መጠባበቂያ አይደለም፤ እንዲያውም ሌሊትና ቀን እየተሽከረከረ፣ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር እየተደናገጠ፣ ከመሳቢያ ዲስክ ቀድሞ ነው የሚያረጀው። እዚያ የሚሰካው ግልባጩ እንጂ ዋናው መሆን አልነበረበትም። ይሄን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ራውተሩም መብራት ኃይልም አይደሉም።

የኔውን ልጨርስ። ገመድ ቀየርኩ፣ አዳፕተር ያለው ማከፋፈያ ተዋስኩ፣ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። ጠቅታው ቆመ። ፎርማት የሚለው ጥያቄም አልመጣም፤ ፎልደሮቹ ተራ በተራ ወጡ። መጀመሪያ ሁሉንም ገለበጥኩ፣ ከዚያ ቼክዲስክ። ከእምዬ ቅጂዎች የተጎዳው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ መብራት ሲሄድ እናቴ እያዳመጠችው የነበረው የዘር ቆጠራው። አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው።

ሁለት ግልባጭ አዘጋጅቼ አንዱን ወደ ወገዳ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ። ከዚያ ጋሼ ጋ ደወልኩ። የቀሩትን ሁለት ቤቶች ያውቃቸው እንደሆነ ጠየቅኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ስድስተኛውን አውቃለሁ፣ ጻፍ» አለኝ። «ሰባተኛውን እሷ ነበረች የምታውቀው።»