ንጉሥ አይከሰስ ያለው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትራምፕ ጉዳይ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ሕገ መንግሥቱ ለእሱ ብቻ በሰጠው ሥልጣን ለሠራው ሥራ በወንጀል አይከሰስም፤ በሌላው ይፋዊ ሥራውም ከክስ የተጠበቀ እንደሆነ ይገመታል፤ እንደማንኛውም ዜጋ የሚጠየቀው በግሉ ላደረገው ነገር ነው። ከተቃወሙት ሦስት ዳኞች አንዷ ሶኒያ ሶቶማየር፣ ፕሬዚዳንቱ ከሕግ በላይ የሆነ ንጉሥ ሆነ ብለው ጻፉ። በዓመቱ፣ ጁን 27 ቀን 2025፣ ያው ፍርድ ቤት የሥር ዳኞች የፕሬዚዳንቱን ትዕዛዝ ለመላ አገሪቱ የማገድ ሥልጣናቸውን አጠበበው። ጉዳዩ የተነሣው በአሜሪካ ምድር የሚወለዱ የስደተኛ ልጆችን ዜግነት ከሚነካ ትዕዛዝ ስለነበር ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ወገናችንንም እንቅልፍ ነስቶታል።

ከዚያ ወዲህ ቡና በተጠጣበት ሁሉ የምሰማው አንድ ነገር ነው። «አየህ? አሜሪካም እንደኛ ሆነች። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።» ከዚያ ሳቅ ይከተላል። እኔ የምሟገተው ከዚያ ሳቅ ጋር ነው።

አሜሪካ እንደኛ አልሆነችም። እነሱ ጠይቀው መጥፎ መልስ አገኙ፤ እኛ ገና አልጠየቅንም። መጥፎም ቢሆን ያ ውሳኔ በጽሑፍ አለ፤ ማን እንደጻፈው፣ ማን እንደተቃወመው፣ በምን ምክንያት እንደሆነ ከነገጹ ይታወቃል። የነገ ጠበቃ ያንን ገጽ ይዞ ይሟገታል። ባልተጻፈ ነገር ላይ ግን ማን ይሟገታል?

«ንጉሥ አይከሰስ» እኛ ዘንድ ተረት ብቻ አልነበረም፤ ሕግም ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2138 በንጉሠ ነገሥቱ ላይ በጥፋት ምክንያት የኃላፊነት ክስ አይቀርብም ይላል፤ ሚኒስትሮችንም ከሥራቸው ጋር ለተያያዘ ድርጊት እንዲሁ ከልሏቸዋል። ቢያንስ ግልጽ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር አይከሰስም አላለም። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሁን ይላል። አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ ማግኘት የማንኛውም ሰው መብት ነው ይላል። አንቀጽ 13 ፍርድ ቤቶችንም ጨምሮ በየደረጃው ያሉ የመንግሥት አካላት እነዚህን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለባቸው ይላል። ወረቀቱ ላይ የሚከሰስ ንጉሥ ነው ያለን።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ጥያቄው የሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። የአሜሪካ ዳኛ ከ1803 ጀምሮ ሕግ ከሕገ መንግሥት ጋር ሲጋጭ ራሱ ይወስናል። የእኛ ዳኛ «ይህ የሕገ መንግሥት ትርጉም ይጠይቃል» ይልና መዝገቡን ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይልካል። ጉባኤው 11 አባላት አሉት፤ የሚመራውም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው፤ የመጨረሻው ቃል ግን የእሱ አይደለም። በአንቀጽ 62 እና 83 መሠረት የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እዚያ የሚቀመጡት ዳኞች አይደሉም፤ ክልሎች የላኳቸው ፖለቲከኞች ናቸው። መንግሥትን ከስሰህ ዳኛህ የመንግሥት ፓርቲ ሰው ሆኖ ታገኘዋለህ።

ሦስት ጊዜ ምን እንደሆነ እናስታውስ።

በ1993 ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ፖሊስ ሰውየውን ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ መልሶ ያዛቸው። ወዲያው በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚያጣበት ሕግ ወጣ። ትዕዛዙን መሻር ቢያቅት ሕጉን መቀየር አላቃተም።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ በተደረገበት ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና አካባቢዋ ለአንድ ወር ሰልፍ ከለከሉ። ቅንጅት ፍርድ ቤት ሄዶ ከሰሳቸው። ልብ በሉ፤ ንጉሥ ተከሰሰ! ግን ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ አጣሪ ጉባኤ መራው፤ ጉባኤውም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን አላቸው፣ ትርጉም የሚያስፈልገው ነገር የለም ብሎ ዘጋው።

ሰኔ 3 ቀን 2012 ደግሞ በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም፣ የምክር ቤቶቹና የአስፈጻሚው ዘመን እንዲቀጥል የወሰነው ይኸው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የራሱንም ዘመን ጭምር። የባለሙያዎቹ ክርክር በቴሌቪዥን መተላለፉ መልካም ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን በገዛ ጉዳዩ ላይ የሚፈርድ ዳኛ በየትኛው የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ይፈቀድለታል?

አሁን ወደ እኛ አገር፣ ወደ ጉና ልምጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአማራ ክልልን ሁኔታ ምክንያት አድርጎ አስቸኳይ ጊዜ አወጀ፤ ነሐሴ 8 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀው፤ ጥር 24 ቀን 2016 ለተጨማሪ አራት ወር ተራዘመ። አዋጁ ሰውን ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መያዝ ፈቀደ። በዚያው ሰሞን ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በአብዛኛው ክልል የሞባይል ዳታ የጠፋው ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ነው።

እኔ እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። በዚያ ጊዜ የጻፍሁትን ሥራ በፍላሽ ይዞልኝ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እፈልግ ነበር፤ መንገዱ ደግሞ አንድ ቀን ክፍት፣ ሦስት ቀን ዝግ። ይህን እንደ ትልቅ መከራ አልቆጥረውም፤ ልጁ ተይዞ የት እንደገባ ያላወቀ ጎረቤት ነበረኝ። የማነሣው ለሌላ ነገር ነው። ኢንተርኔቱን ማን እንደዘጋው አንድ ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ። «ከላይ ነው» አሉኝ። በየትኛው ደብዳቤ? «ከላይ ነው አልን እኮ!»

በእኛ ሥራ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። አሥር ሰው በአንድ ፕሮግራም ላይ ቢሠራ፣ አንዲት መስመር ስትቀየር ማን እንደቀየራት፣ መቼ እንደቀየራትና ለምን እንደቀየራት ጊት መዝግቦ ያስቀምጣል። ይህን የምናደርገው ባልደረባችን ሌባ ነው ብለን አይደለም። ነገ ሲበላሽ የሚጠየቅና የሚያስተካክል እንዲኖር ነው። ለአንድ የሱቅ ፕሮግራም የምናደርገውን ጥንቃቄ የሚሊዮኖችን ስልክ ለሚያጠፋ ትዕዛዝ ብንጠይቅ ምኑ ነው ነውር?

ሌሎች ጠይቀዋል። በ2019 በዚምባብዌ የሃራሬ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፤ ይህን ትዕዛዝ የሰጠው ሚኒስትር ሥልጣን አለው ወይ? የለውም ተባለ፤ ኢንተርኔቱም ይከፈት ተብሎ ታዘዘ። በ2020 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካሽሚር ጉዳይ፣ ኢንተርኔት የሚዘጋ ትዕዛዝ ሰው እንዲከራከርበት ይፋ ሆኖ መታተም አለበት፣ ላልተወሰነ ጊዜም መዝጋት አይቻልም አለ። በዚያው ዓመት የምዕራብ አፍሪካ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ቶጎ በ2017 ኢንተርኔት መዝጋቷ የዜጎችን ሐሳብ የመግለጽ መብት ጥሷል ብሎ ካሳ አስከፈላት። ዚምባብዌና ቶጎ የዲሞክራሲ ገነት ሆነው አይደለም። አንድ ሰው አመለከተ፤ አንድ ዳኛ መዝገብ ከፈተ። በቃ።

«ጦርነት ነው እኮ፣ ሕግ በሰላም ጊዜ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አንቀጽ 93 የተጻፈው ለጦርነት ጊዜ ነው። እውነት ነው፣ የአርባ ስምንት ሰዓቱ አንቀጽ 19 በአስቸኳይ ጊዜ ከማይነኩት አንቀጾች ውስጥ የለም። ግን ያው አንቀጽ 93 በምትኩ መርማሪ ቦርድ አቋቁሟል፤ ቦርዱም በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ፣ የታሰሩበትንም ምክንያት እንዲገልጽ አዞታል። በአንድ ወር! እኔ በደብረ ታቦር አደባባይ ተለጥፎ ያነበብሁት የስም ዝርዝር የለም። የጦርነቱን ሕግ ራሱን አክብሩ ማለት ጠላትነት ነው?

መንገድ ዘግቶ ሰው አግቶ ብር የሚቀበል ታጣቂ እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን የሚከላከል ብዕር የለኝም። እሱን «በማን ትዕዛዝ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መልስም አይሰጥም። መንግሥትን ከሽፍታ የሚለየው ሲጠየቅ መመለሱ ነው። ያንን ከተወ ልዩነቱ የደንብ ልብስ ብቻ ይሆናል።

ሌላው ደግሞ «ዳኛው ቢያዝ ማን ይሰማዋል?» ይለኛል። የስዬ ጉዳይ ለዚህ ምስክር ይመስላል። እኔ ግን ተቃራኒውን አያለሁ። ያ ትዕዛዝ መዝገብ ላይ ባይኖር ኖሮ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተን ማን ምን እንዳደረገ በስም አንናገርም ነበር። ያልተከበረ ፍርድ ያላከበረውን ያስቆጥራል። ያልተጠየቀ ጥያቄ ግን ማንንም አያስቆጥርም።

ደግሞ መንገዱ ጨርሶ አልተዘጋም። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 አንቀጽ 11 ንዑስ አንቀጽ 3፣ በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትንና በፍርድ ሊወሰኑ የሚችሉትን ሰብአዊ መብቶች ለማስከበር የሚያስፈልገውን ፍርድ ወይም ትዕዛዝ የመስጠት ሥልጣን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጥቷል። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የፌዴራል ተቋማት መመሪያቸውን እንዲያሳትሙ፣ ለውሳኔያቸው ምክንያት እንዲሰጡ፣ ዜጋም ውሳኔያቸውን ፍርድ ቤት እንዲያስመረምር ፈቅዷል። «ከላይ ነው» የሚል ምክንያት በዚህ አዋጅ ምክንያት ተብሎ አይቆጠርም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ዳኞች፣ ያልታተመና ያልተፈረመ ትዕዛዝ ፊታችሁ ሲቀርብ ወደ አጣሪ ጉባኤ ለመላክ አትቸኩሉ። ጉባኤው ሕግን ይመርምር፣ የባለሥልጣንንም ውሳኔ እመረምራለሁ ይበል፤ «ይህን ማን አዘዘ? ሥልጣኑስ አለው?» ለማለት ግን የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስፈልግም፤ ማስረጃ ነው የሚያስፈልገው። ጠበቆች፣ ፍርሃታችሁ ይገባኛል፤ ብቻችሁን ሳይሆን በማኅበራችሁ ስም አንድ መዝገብ ክፈቱ፤ ብትሸነፉም በጽሑፍ ተሸነፉ። እኛ ሌሎቻችን ደግሞ በቃል መልስ ተቀብለን ከቢሮ መውጣት እንተው። ማመልከቻ እንጻፍ፣ ቁጥር እናስይዝ፣ ግልባጩን እናስቀምጥ።

ይህ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። እዚሁ ጉና ሥር አያቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባሉ የጨበጡትን ዱላ ያወርዱ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን ቋጥረው፣ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ዳኛው ፊት «ተጠየቅ» ይባባሉ ነበር፤ ዛሬ በየስብሰባው የምናላዝንበት «ተጠያቂነት» ሥሩ ያው ቃል ነው። ንጉሥ አይከሰስ ብለው ቢተርቱም፣ ከንጉሥ በታች ያለውን ሁሉ ይከሱ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ዛሬ የጽሕፈት ቤት ሹሙም፣ ኬላው ላይ የቆመውም «ከላይ ነው» ባለ ቁጥር ንጉሥ ይሆናል።

በአሜሪካ ውሳኔ መሳቅ ይቻላል፤ ማዘንም ይቻላል። እነሱ አንድ ሰው ነው ከክስ በላይ ያወጡት፣ በስሙ፣ በሦስት ዳኞች ተቃውሞ። እኛ ስንቱን እንዳወጣን እንኳ አልቆጠርንም።