የስልክ ዕድሜ ከየት ይቆጠራል?

ስልክ ሊገዛ ሱቅ የሚገባ ሰው የሚጠይቀው ይታወቃል። ስቶሬጁ ስንት ነው? ራሙስ? ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው? ቻርጅ ይይዛል? ሻጩም መልሱን በቃሉ ይዞታል። አንድ ጥያቄ ግን ከሁለቱም አፍ አይወጣም፦ ይህ ስልክ ከአምራቹ የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚያገኘው እስከ መቼ ነው? እኔ ስለ ስልክ ማንበብና መከራከር የምወድ፣ አዲስ ሞዴል ሲወጣ ዝርዝሩን ሳላይ የማላድር ሰው ነኝ። ለእኛ አገር ገዢ ከሌሎቹ ሁሉ መቅደም ያለበት ይህ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ስልክ የሚይዘው ከኔትወርክ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ፣ በየወሩ እየከፈለ ነው። ጥቂት ዓመት ሲሞላው አሮጌውን መልሶ አዲሱን ይወስዳል። ስለ ስልክ የምናነበው የዓለም ዜና በአብዛኛው ለዚህ ሰው የተጻፈ ነው፤ ካለፈው ዓመት ሞዴል ምን ተሻሻለ፣ ስክሪኑ ምን ያህል ደመቀ የሚለው ላይ የሚያተኩረውም ለዚህ ነው። እኛ ጋ ስልክ በአብዛኛው የሚገዛው ሙሉ ዋጋው ባንድ ጊዜ ተከፍሎ ነው፤ ለብዙ ሰው ያ የወራት ደመወዝ ነው። ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ታላቅ ወንድም ሲቀይር ለታናሽ እህቱ ይሰጣል፤ እሷ ስትቀይር ደግሞ ክፍለ ሀገር ላሉት እናት ይላካል። ከዱባይ ወይም ከቤይሩት የመጣ ስልክ ከሆነማ ከመጀመሪያውም ሌላ ሰው የተገለገለበት ሊሆን ይችላል። አምራቹ «ከዚህ በኋላ አይመለከተኝም» ያለው የስልኩ ዕድሜ በሙሉ እኛ እጅ ላይ ያልፋል።

ማሻሻያ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የመልክ ለውጥ ነው፤ አዲስ አይከን፣ አዲስ ቀለም። ዋናው ነገር ግን የማይታየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) «ስቴጅፍራይት» የተባለ የአንድሮይድ ክፍተት ይፋ ሆነ። ተንኮል የተሠራበት አንድ የቪዲዮ መልእክት መላክ ብቻ ስልክን ለጠላፊ አሳልፎ ሊሰጥ ይችል ነበር፤ የስልኩ ባለቤት መልእክቱን መክፈት እንኳ ላያስፈልገው ይችላል። ጉግል በየወሩ የደህንነት ማሻሻያ ማውጣት የጀመረው በዚያው ዓመት ነሐሴ ነው። ችግሩ ማሻሻያው ከጉግል በቀጥታ እያንዳንዱ ስልክ ላይ አለመድረሱ ነው። የስልኩ አምራች ተቀብሎ ከራሱ ሞዴል ጋር ማስማማት አለበት። ከሥሩ ደግሞ እንደ ኳልኮምና ሚዲያቴክ ያሉት የቺፕ ሠሪዎች አሉ፤ እነሱ ለአንድ ቺፕ የሚያደርጉትን ድጋፍ ካቆሙ የስልኩ አምራች ቢፈልግም እጁ ይታሰራል። የሆላንዱ ፌርፎን በ2023 «ፌርፎን 5»ን ሲያወጣ እስከ 2031 ድረስ እደግፈዋለሁ ማለት የቻለው ለፋብሪካ መሣሪያዎች የሚሠራ፣ ድጋፉ ረጅም የሆነ የኳልኮም ቺፕ ስለመረጠ ነው።

አሁን ገበያ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ላንሳ። የማሻሻያው ዕድሜ በአብዛኛው መቆጠር የሚጀምረው ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ገበያ ከቀረበበት ቀን ነው። እርስዎ የገዙበት ቀን አይቆጠርም። ጋላክሲ ኤስ9 በ2018 መጋቢት ወጣ፤ ሳምሰንግ በ2022 ሚያዝያ ድጋፉን አቆመ። ይህን ስልክ ዛሬ ካርቶኑ ሳይከፈት፣ ፕላስቲኩ ሳይላጥ ቢያገኙት እንኳ በሶፍትዌር በኩል ዕድሜው አልቋል። «ፓክድ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ስለ መስታወቱና ስለ ባትሪው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ደህንነቱ ግን ምንም አይነግረንም።

ይህ ድሮ ያን ያህል ላያሳስብ ይችል ነበር። ከ2021 ግንቦት ወዲህ ቴሌብር፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ኤምፔሳ አለን፤ የባንኮቹም አፕ አለ። ገንዘባችን ያለው ስልካችን ውስጥ ነው። እርግጥ ነው፣ እኛ ጋ የሚበዛው ማጭበርበር ደውሎ የሚስጥር ቁጥር መቀበል ነው፤ ይህን የትኛውም ማሻሻያ አያስቆመውም። ቢሆንም በሩ ክፍት መሆኑ እየታወቀ፣ የሚዘጋው ማሻሻያ የማይመጣለት ስልክ ላይ የቤተሰብን ገንዘብ ማስቀመጥ ሌላ ጉዳይ ነው። አፖቹም አይጠብቁም። ዋትስአፕ በ2025 መጀመሪያ ከአንድሮይድ 5 በታች ያሉትን፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ አይፎን 6ንና ከዚያ በፊት የነበሩትን ተወ። ልጇ ዓረብ አገር ያለች እናት ይህን ዜና አታነብም፤ የምታውቀው ጥሪው እንደማይገባላት ብቻ ነው።

«አፕዴት ስልክ ያዘገያል» የሚሉ ጠጋኞች አሉ፤ ብዙ ሰውም ይህን ሰምቶ ማሻሻያውን ያጠፋል። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በሶፍትዌር ፍጥነታቸውን ይቀንስ እንደነበር በ2017 ታኅሣሥ አምኗል፤ ይህን ያደረገው ስልኮቹ በድንገት እንዳይጠፉ እንደሆነ ቢገልጽም ለባለቤቶቹ በግልጽ አልነገራቸውም ነበር። በ2018 የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን ከማሻሻያ ጋር በተያያዘ አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። ግን ሁለት ነገር መለየት አለበት። ሙሉ ቨርዥን የሚቀይረው ትልቁ ማሻሻያ ራሙ ትንሽ የሆነን ስልክ ሊከብደው ይችላል፤ በየወሩ የሚመጣው የደህንነት ማሻሻያ ግን ስልኩን እምብዛም አያከብደውም። ያንኛውን ፈርቶ ይሄኛውን መተው ዋጋ ያስከፍላል። በአይፎኖቹ ጉዳይ መድኃኒቱ ባትሪ መቀየር ነበር፤ ባትሪ ሲቀየር ፍጥነቱ ይመለሳል።

ረጅም ዕድሜ መስጠት እንደሚቻል ደግሞ ታይቷል። አፕል በ2013 ለወጣው አይፎን 5ኤስ በ2023 ጥር የደህንነት ማሻሻያ ልኳል። ጉግል በፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት ቃል ገብተዋል። እኔን ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን በ2024 የወጣው ጋላክሲ ኤ16 ነው። ዋጋቸው ዝቅ ካለ ስልኮች መካከል ሆኖ የ6 ዓመት ማሻሻያ ቃል ተገብቶለታል። የካሜራው ቁጥር ማንንም አያስደንቅም። ቢሆንም ፎቶ የምንላላከው በቴሌግራም ነው፤ ቴሌግራም ደግሞ በተለመደው መንገድ የተላከን ፎቶ አሳንሶ ነው የሚያደርሰው። ለስድስት ዓመት የሚጠበቅ ስልክ ከዚያ ቁጥር በብዙ ይበልጣል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2025 ሰኔ ጀምሮ አምራቾች ሞዴሉን መሸጥ ካቆሙ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት ማሻሻያ እንዲሰጡ፣ መለዋወጫም ለ7 ዓመት እንዲያቀርቡ አስገድዷል። የእነሱ ሕግ እኛን አይመለከትም፤ ግን አምራቹ መቻሉን ያሳያል።

ቴክኖንና አይቴልን የሚሠራው ትራንሽን በ2011 እዚሁ አገራችን መገጣጠሚያ ከፍቷል፤ አማርኛ ያለው ስልክም አቅርቦልናል። ይህን አመሰግናለሁ። ከእሱም፣ እዚህ ከሚሸጡት ሌሎችም የምጠይቀው ማሻሻያው የሚቆምበትን ወርና ዓመት በካርቶኑ ላይ እንዲጽፉ ነው። በዩቲዩብና በቴሌግራም ስልክ የምትገመግሙ ወገኖችም ካሜራውን ከማሳየታችሁ በፊት ይህን ቀን ተናገሩ፤ ገዢው የሚሰማው እናንተን ነው።

እስከዚያው ግን አንድሮይድ ስልክ ያለው ማንም ሰው ራሱ ማየት ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «አባውት ፎን» የሚለውን ይክፈቱ። ከአንድሮይድ ቨርዥኑ አጠገብ የመጨረሻው የደህንነት ማሻሻያ ቀን ተጽፏል፤ አንዳንድ ስልክ ላይ «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» ሥር ይገኛል። ማሻሻያ እየመጣ ከሆነ ሌሊት በዋይፋይ ወይም ረከስ ባለ ጥቅል ያውርዱት። ቀኑ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየና አዲስ ማሻሻያ የሌለ ከሆነ ስልኩን ለጥሪ፣ ለሙዚቃና ለልጆች ፊልም ይጠቀሙበት፤ የባንክና የቴሌብር አፕዎን ግን ወደ ሌላ ስልክ ያዛውሩ። ያገለገለ ስልክ ሲገዙም ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ይህንኑ ቀን ሻጩ ፊት ከፍተው ይዩ።