ውሃ ሲያንስ ተራ ይቆጠራል

«በጀት የለም!» ወጡ ሲቀጥን፣ ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ መግዛት ሲያቆም፣ መልሱ ያው ነው። እሺ፣ የለም እንበል። የነበረውስ የት ገባ?

ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ለዓመታት 15 ብር ነበር የሚመደበው። ቆይቶ 22 ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር ተባለ። በ15 ብር ቁርስ፣ ምሳና ራት ማብላት ተአምር እንደነበር አንክድም። እጥረቱ እውነት ነው። ግን የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት የዩኒቨርሲቲዎች ስም በተደጋጋሚ የሚነሣው በምንድነው? ባልተወራረደ ሒሳብ፣ ማስረጃ ባልቀረበለት ወጪ፣ ከመመሪያ ውጭ በተፈጸመ ግዥ! ይህንንም እጥረት አመጣው ሊሉን ነው?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይላሉ። ያገባናል እንጂ! ወጪ መጋራት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የምግቡና የመኝታው ወጪ በተማሪው ዕዳ ላይ ይጻፋል፤ ተመርቆ ከደመወዙ ይከፍለዋል። ባለዕዳ ደረሰኝ ቢጠይቅ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

ከመካከላችን የይፋት ቆላ ልጆች አለን፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት በመስኖ ሲለማ እያየን ያደግን። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ማን ስንት ውሃ ወሰደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በጋ ገብቶ ሲያንስ ግን ተራ ይያዛል። የውሃ አባቱ ባለተራውን በሁሉ ፊት ይጠራል፤ ያለ ተራው ቦይ የሰበረ ይዳኛል። እጥረት ሒሳብን ይፋ ያወጣል እንጂ አይደብቅም። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ የገባው ነገር ባለ ዲግሪውን እንዴት ጠፋው?

ያው የሮቢት ሽንኩርት በጭነት መኪና ተጉዞ ወጣችን ውስጥ ይገባ ይሆናል። ማሳው ላይ ስንት ተሸጠ? ደረሰኙ ላይስ ስንት ተጻፈ? ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ተማሪ ካለ ይነሣ!

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያሉ ይመክሩናል። ዝንቡማ ወጡ ውስጥ ከገባ ቆየ!

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በጀቱና ወጪው በየሦስት ወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። የምግብ ዕቃ ሲገባ የተማሪ ተወካይ ሚዛኑ አጠገብ ይቁም። የኦዲቱ ግኝትና የተሰጠው መልስ ለእኛም ይነበብ። በጀት ይጨመር ብለንም እንጮኻለን። ነገር ግን ቦዩ እንደተሰበረ የሚለቀቅ ውሃ መንገዱን ያጨቀያል እንጂ ማሳ አያጠጣም።