ፖስታው እስከ ገበያው ይድረስ

በኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና ላይ፣ በጅማ መንገድ ወደ ገጠር የሚወጡት መኪናዎች ጧት ሲጭኑ ቆሞ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። እናት የታሸገ ፖስታ፣ ወንድም በፌስታል የተጠቀለለ መጽሐፍ ለረዳቱ እያቀበሉ «አደራ፣ የሰማይ አደራ!» ይላሉ።

እኔም ባለፈው ዓመት ለታናሽ ወንድሜ መጻሕፍት የላክሁት በዚሁ መንገድ ነበር። የደረሱለት ግን ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው። ረዳቱን አልወቅሰውም፤ የሱ ሥራ ሰው ማሳፈር ነው። አደራ ማድረስ የፖስታ ሥራ ነው።

ታዲያ ፖስታ ቤት ሳለ ስለምን በረዳት እጅ እንልካለን? ዳግማዊ ምኒልክ ፖስታን ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችውም በ1901 ዓ.ም. ነው። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ፖስታ ግን አሠራሩ በዋናው በሣጥን ላይ የቆመ ነው። ሣጥን ያለው መሥሪያ ቤትና የከተማ ሰው ነው። ባላገሩ ሣጥን የለውም፤ ቅርብ የሚባለውም ፖስታ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በወረዳው ከተማ ነው።

በአሜሪካም ገበሬው ደብዳቤውን ለመቀበል እስከ ከተማ ይመላለስ ነበር። በ1889 ዓ.ም. ግን ፖስተኛው ወደ ገበሬው መሄድ ጀመረ። መንገዱ የማያስኬድ ከሆነ ፖስታው ስለማይመጣ፣ የየአካባቢው ሰው መንገዱን ለማበጀት ተነሣ። ፖስታው መንገድን ጎትቶ አመጣ ማለት ነው።

«ዛሬ ስልክና ቴሌብር እያለ ፖስታ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ ያደርሳል። ነገር ግን መጽሐፍን፣ ምርጥ ዘርን፣ መድኃኒትን፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ስልክ አያደርስም።

በየመንደሩ ሕንፃ ይሠራ አልልም። ገበያ ግን በየሳምንቱ ይቆማል። ፖስተኛው በገበያ ቀን ከረጢቱን ይዞ ይገኝ፤ በቀሩት ቀናት የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ተጠሪ ይሁን፤ ተቀባዩ ይፈርም፤ መፈረም የማይችልም አሻራውን ያኑር። ይህ ወጪ እንዳለው አልክድም። ዳሩ ግን ገበሬው አንድ ወረቀት ፍለጋ ሲመላለስ የሚስተጓጎለው እርሻስ በማን ሂሳብ ይጻፋል?

እኛ ተማሪዎች ስለ ገጠር እድገት ስንከራከር ትራክተርና ግድብ እንጠራለን። የፖስተኛውን ከረጢትም አንርሳ። አደራው ከረዳቱ ትከሻ ይውረድና ኃላፊነቱ ለሚመለከተው ለመንግሥት ፖስታ ይመለስ።