ጨካኙ አማካይ የት ገባ?

ፕሪሚየር ሊግ በሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት ሁሉ አንድ የማይጠፋ ሰው አለ። ጨዋታው ቀዝቀዝ ሲል፣ አማካዮቹ ኳሷን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ሲያመላልሷት፣ «ሮይ ኪን ቢኖር ኖሮ ይሄኔ አንዱን ዘርሮት ነበር» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠው የመድፈኞቹ ደጋፊ ዝም አይልም፤ ቪዬራን ይጠራል። ከዚያ በኋላ ስክሪኑን የሚያይ የለም። ወሬው ወደ 2005 ይሄዳል (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)፤ ሁለቱ የዩናይትድና የአርሰናል አምበሎች ገና ጨዋታው ሳይጀመር በሃይበሪ ስታዲየም መተላለፊያ ወደተፋጠጡበት፣ ዩናይትድም 4 ለ 2 አሸንፎ ወደወጣበት ምሽት።

ናፍቆቱ ይገባኛል። «ጠንካራ አማካይ ጠፋ፣ እግር ኳስ ለሰለሰ» በሚለው ድምዳሜ ግን አልስማማም። ሰውየው አልጠፋም፤ እንዲያውም ተወዷል። የተለወጠው የጥፋቱ ዓይነት ነው። ድሮ እግር ይሰብር የነበረው ዛሬ ጨዋታ ይሰብራል፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸኛው ነው።

ድሮን ካነሳን ሙሉውን እናንሳ። ሚያዝያ 2001 በማንችስተር ደርቢ ኪን የአልፍ ኢንጌ ሃላንድን ጉልበት መትቶ በቀይ ካርድ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት በግለ ታሪኩ ስለ ጉዳዩ የጻፈው ደግሞ የ5 ጨዋታ እገዳና የ150 ሺህ ፓውንድ ቅጣት አስከተለበት። (የተመታው ሰው ልጅ ለሲቲ ጎል ሲያዘንብ አይተናል።) በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ጆሃንስበርግ ላይ፣ ኒጄል ደ ዮንግ የጫማውን ጥርስ ዣቢ አሎንሶ ደረት ላይ ተከለ፤ ዳኛው ሃዋርድ ዌብ ቢጫ ሰጥቶ አለፈው። ይሄ ይመለስልን የሚል ሰው፣ ደረቱ የገዛ ወንድሙ ቢሆን እንዲያ የሚል አይመስለኝም።

ያንን ዘመን የዘጋው ሕግና ካሜራ ነው። ከ1998ቱ የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ ጀምሮ ከኋላ መጥቶ ተጋጣሚን ለአደጋ የሚያጋልጥ ታክል በቀይ ካርድ የሚያስወጣ ሆነ። በ2018 የቪዲዮ ዳኝነቱ ቫር ዓለም ዋንጫ ላይ ገባ፤ በ2019/20 የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊጉም ተቀበለው። ዳኛው ያላየውን፣ ሌላ ክፍል የተቀመጠ ሰው አቁሞና አጉልቶ ያየዋል።

ከታክሉ በፊት ያለው ሥራ ግን አልተነካም። ክላውድ ማኬሌሌን አስቡ። በ2003 ክረምት ሪያል ማድሪድ ቤካምን አስገብቶ እሱን ለቼልሲ ሸጠው። ማኬሌሌ ጎል አያገባም፣ ተመልካች የሚያስጨበጭብ ኳስ አይጥልም፤ የት መቆም እንዳለበት ያውቃል። ቼልሲ በ2004/05 ዋንጫውን ሲያነሳ በ38 ጨዋታ የገባበት ጎል 15 ብቻ ነበር። ማድሪድ ሊጉን መልሶ ለማሸነፍ እስከ 2007 ጠበቀ። ሁሉም በአንድ ሰው ምክንያት ነው አልልም፤ አጋጣሚ ነው ለማለትም ይከብደኛል።

አሎንሶ፣ ያው ደረቱን የተመታው፣ ታክልን ሌላው ሁሉ ሲያልቅ እንደሚመጣ አማራጭ ነው የሚያየው። የሊቨርፑል ታዳጊዎች ጠንካራ ጎናቸውን ሲጠየቁ ታክል ማለታቸው ገርሞት እንደነበር ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ተናግሯል። በ2016 የሲቲው አሰልጣኝ ጓርዲዮላ በሌስተር 4 ለ 2 ተሸንፎ ሲወጣ ታክል እንደማያሰለጥን ተናገረና አገሬው ጉድ አለ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን በ100 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ።

ገበያውስ? በ2023 ክረምት አርሰናል ለዴክላን ራይስ እስከ 105 ሚሊዮን፣ ቼልሲ ለሞይሰስ ካይሴዶ እስከ 115 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማሙ። የ2024ን ባሎን ዶር የወሰደው ሮድሪ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ጉልበቱ ተጎድቶ ሲወጣ፣ 4 ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን የነበረው ሲቲ 3ኛ ሆኖ ጨረሰ። ለሞተ ሙያ እንዲህ አይከፈልም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ጥር 2020፣ ጅዳ፣ የስፔን ሱፐር ካፕ ፍጻሜ። ሪያልና አትሌቲኮ 0 ለ 0 ናቸው፤ ተጨማሪ ሰዓት፣ 115ኛው ደቂቃ። አልቫሮ ሞራታ ከሁሉም አምልጦ ብቻውን ወደ ግብ ይሮጣል። የሪያሉ አማካይ ፌዴሪኮ ቫልቬርዴ ከኋላ ደርሶ እግሩን ጠልፎ ጣለው። ኳሷ የትም ትሁን የት፣ ግድ አልነበረውም። ቀይ ካርድ አየ። ሪያል በመለያ ምት ዋንጫውን ወሰደ፣ ቫልቬርዴም የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። የተጎዳው ቡድን አሰልጣኝ ሲሞኔ እንኳ ልጁ ሲወጣ ጭንቅላቱን መታ መታ አድርጎ ሸኘው፤ በኋላም የጨዋታው ትልቁ እንቅስቃሴ ይህ እንደነበር መሰከረ።

ሲሞኔ አልተሳሳተም። ስሌቱ ያዋጣል፤ ችግሩም ማዋጣቱ ነው።

ቫልቬርዴ ቢያንስ ቀይ አይቷል። በየሳምንቱ የምናየው የዚያ ጥፋት ታናሽ ወንድም ነው። ኳስ ስትነጠቅ አማካዩ መሃል ሜዳ ላይ ማልያ ይጎትታል፣ ትከሻ ይገፋል፣ ቁርጭምጭሚት ይነካል። ማንም አልተጎዳም፤ መልሶ ማጥቃቱ ግን ሞተ። አጥቂው ከፊቱ ባዶ ሜዳ ነበረው፤ ቅጣት ምቱ እስኪመታ ተጋጣሚው በሙሉ ከኳሷ ጀርባ ተሰልፏል። ቅጣቱ ቢበዛ ቢጫ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያም የለም። አጥፊው እጁን አንስቶ ይቅርታ ጠይቆ ይመለሳል፤ ተንታኙም «ብልህ ጥፋት» ብሎ ያደንቅለታል። ብልህ! በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ የዌምብሌይ ፍጻሜ ኪየሊኒ (አማካይ ባይሆንም) ሳካን በማልያው አንገትጌ ጎትቶ ሲጥለው ያየ ሁሉ ሳቀ፤ ቢጫ ካርድ ሆነ፣ ጣሊያንም ዋንጫውን ወሰደች።

በ2023 መጨረሻ የጨዋታ ሕግ አውጪው አይፋብ እንዲህ ያለውን ጥፋት ተጫዋቹን ለተወሰኑ ደቂቃዎች ከሜዳ በማስወጣት መቅጣት ይሞከር የሚለውን ሐሳብ ደግፎ ነበር። ለዚሁ ቅጣት የሚመዘዝ የሰማያዊ ካርድ ወሬ ሲናፈስ ግን ጩኸት በዛ፤ በ2024 መጀመሪያ የፊፋው ፕሬዚዳንት ኢንፋንቲኖ በትልልቅ ውድድሮች አይታሰብም ብለው በሩን ዘጉት። እኔ ብሆን እከፍተው ነበር። ማልያ የጎተተ አማካይ 10 ደቂቃ ውጭ ቢቀመጥ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንዳይጎትት የሚለምነው አሰልጣኙ ራሱ ነው። ያኔ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀርለታል፦ እንደ ማኬሌሌ ቀድሞ ቦታው ላይ መገኘት፣ አለዚያም በንጹሕ ሸርተቴ ኳሷን መንጠቅ። ለሁለቱም የመግቢያ ብር እከፍላለሁ።