ሰባት ቤት ሲቆጠር

ልጅ ለትዳር ሲደርስ በቤት ውስጥ የማይከፈት ሣጥን የለም። ሁለተኛው ልጄ ባለፈው ሚያዝያ «የማገባት ልጅ አግኝቻለሁ» ሲል እናቱ እልል አለች። እኔ ግን ወግ ነውና «የማን ልጅ ናት?» አልኩ። ቤተሰቦቿ ነቀምቴ ቢኖሩም የዘር ሐረጋቸው ከኑኑ ቁምባ ነው። የእኛም ከዚያው ነው። አገር አንድ ሲሆን ደስታውም ሥጋቱም እጥፍ ነውና፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰባት ቤት መቁጠር ግድ ሆነ።

ከተማ ተወልዳችሁ ላደጋችሁ ወላጆች ባጭሩ ላስረዳ። በአማራው ልማድ ሰባት ቤት የሚቆጠረው በአባትም በእናትም ነው። በኦሮሞው ዘንድ ጎሳ የሚወረሰው ከአባት ስለሆነ ቆጠራው በአባት ሐረግ ይከብዳል፣ ከአንድ ጎሳ መጋባትም ነውር ነው። እኔ በልጅነቴ አባቴ እሳት ዳር አስቀምጦ ስም በስም አስጠንቶኛል። የዛሬ ልጆች የእግር ኳስ ቡድን ተሰላፊዎችን እንጂ አያታቸውን አልፈው አይሄዱም፤ ይህ የሌላ ቀን ጨዋታ ነው።

ቆጠርን። ከልጆቹ ጀምረን ወደ ላይ ስንወጣ ስድስተኛው ቤት ላይ የሁለቱም ሐረግ አንድ ሰው ላይ ገጠመ። ሰባት አልሞላም። ባለቤቴ ጋቢዋን ተከናንባ ዝም አለች።

ነገሩን የገለበጠችው አዳዳ ናት፤ የአባቴ እህት፣ ዘጠና ዓመት ያለፋት። ሁሉን ሰምታ ስታበቃ «እሱ ሰውዬ እኮ አልወለደንም» አለች። እንደ እሷ አነጋገር የእኔ ቅድመ አያት ከሸዋ ከዘመተው ጦር ጋር የመጣ ወታደር ነበር። ታሞ ወደኋላ ቀረ፤ ያስታመሙት ሰዎች በጎሳቸው ሥርዓት ተቀበሉት፤ መሬት ሰጡት። ሚስት ያገባውም ደንቡ እንደሚያዘው ከሌላ ጎሳ ነው።

ዘመኑ ይገጥማል። ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በእምባቦ ድል ያደረጉት በ1874 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ የሌቃ ነቀምቴው ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ ገብሮ አገሩን ራሱ እንዲያስተዳድር ተተወለት። በሌሎች ብዙ ወረዳዎች ግን ወታደር ሰፈረ፤ ደመወዙም ገባር ነበር። ይህን ሳላለዝብ ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ። ቅድመ አያታችን ሲመጣ እንግዳ ሆኖ ሳይሆን ጠመንጃ ይዞ ነው።

ሞጋሳ የሚባለው ሥርዓት ደግሞ ባዳን የጎሳ ልጅ ያደርጋል። የገባው ሰው የአሳዳሪዎቹን አባቶች እንደ አባቶቹ ይቆጥራል፣ በደስታቸውም በኀዘናቸውም አብሮ ይቆማል። ለአንድ ሕፃን ሲሆን ጉዲፈቻ ይባላል፤ በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሚጠቀምበት ቃል ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ መሆኑን ስንቶቻችን እናስተውላለን?

ለምን አልተነገረንም? ተነግሮን ነበር፤ ግማሽ ግማሹን። በንጉሡ ዘመን የአያቴ ወንድሞች ሲፎክሩ የሚጠሩት ሸዋን ነበር፤ ሞጋሳውን አያነሡም። መሬት ላራሹ ከታወጀበት ከ1967 ዓ.ም በኋላ ደግሞ ሸዋ ተረሳና ጎሳው ብቻ ቀረ። እያንዳንዱ ዘመን የሚበጀውን ስም መርጧል።

የአዳዳን ቃል ለማጣራት የአባቴን ሣጥን ከፈትን። የድሮ የግብር ደረሰኞች ወጡ። በደረሰኙ ላይ ያለው ስም የክርስትና ስም ነው፤ መንደሩ የሚያውቀው ግን በኦሮምኛ ስሙ ነው። አዳዳ ባትኖር ሁለት ሰው ናቸው ብለን አንድ ቤት በጨመርን ነበር። ይህ በወለጋ የተለመደ ነው፤ የሞሮዳ ልጅ ኩምሣም ክርስትና ሲነሣ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተብሏልና በደብዳቤዎቹ ላይ ኩምሣን ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙ ያመልጠዋል። እናንተም ስትጠይቁ «እናቱ ምን ብላ ነበር የምትጠራው?» በሉ። ዕድሜም በቁጥር አትጠይቁ፤ «በኅዳር በሽታ ጊዜ ተወልዶ ነበር?» ብትሉ 1911ን፣ «ጣሊያን ሲገባስ?» ብትሉ 1928ን ታገኛላችሁ። አንድ ትውልድ ወደ ሠላሳ ዓመት ስለሚጠጋ፣ ስምንት ስም ብቻ ቆጥሮ አራት መቶ ዓመት የሚሻገር ሰው ካገኛችሁ መሐል ላይ የተዘለሉ አሉ።

ወደ ልጄ ልመለስ። የአዳዳን ወሬ ሲሰማ ፊቱ በራ። «አባዬ፣ እንግዲያው ደም አያገናኘንም!» አለ። እውነቱን ነው። ሕጉም አይከለክለውም፤ የሚከለክለው ወላጅና ተወላጅን፣ ወንድምና እህትን፣ አጎትና አክስትን የመሰለውን የቅርብ ዘመድ ነው።

እኔ ግን እንደ እሱ አልቀለለኝም። ቅድመ አያቴ በዚያ ስም መሬት በልቷል፤ አያቴም አባቴም በዚያ ስም ተቀብረዋል፤ እኔ ራሴ በሠርግም በለቅሶም በዚያ ስም ተጠርቻለሁ። ለመቶ ዓመት ያበላንን ስም ለአንድ ሠርግ ሲባል «የውሸት ነበር» ማለት ከየት ይመጣል? ይህን ስለው ልጄ «ታዲያ እኔ ልክፈለው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የልጅቷን አያት ሄጄ አነጋገርኳቸው። ኦቦ ሲሰሙ አልተቆጡም፤ የሸዋውን ነገር እሳቸውም ከአባታቸው ሰምተውታል። «ያስገቡት አባቶች ናቸው፤ እኔ ብቻዬን አላስወጣውም» አሉኝ። የጎሳው ሽማግሌዎች ከመስቀል በኋላ እንዲቀመጡበት ተስማማን። አዳዳ በቃሬዛም ቢሆን ውሰዱኝ ብላለች። ኦቦ ከእኔ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደረሰኞቹን ይዤ እንድመጣና ሁለቱም ስሞች በሽማግሌዎቹ ፊት እንዲነበቡ።